ሃምሳ ስምንት ቁጥር ቅርጫት

አሶሳ ውስጥ ሻምፓኝ የሚጠመቅበት ቤት እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ሳቁ ሲያልፍለት ደግሞ «ከምን ትሠሩታላችሁ?» ይለኛል። ከማንጎ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ እኛ ጋ መጥታችሁ ማንጎው ከዛፍ ሥር ረግፎ የሚያነሳው ሲያጣ ብታዩ አትስቁም ነበር። ያን ማንጎ ጨምቀን በታንከር እናፈላዋለን። ከዚያ ወደ ጠርሙስ ገልብጠን ጥቂት ስኳርና እርሾ እንጨምርበትና ቆርኪውን ገጥመን ለወራት እናስተኛዋለን። እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ዳግመኛ ይፈላል። ቀኑ ደርሶ ሲከፈት ይጮኻል፣ አረፋውን ይተፋል።

ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ወይኑ አይደለም። ወይኑ ስለሚተኛበት ዕቃ፣ ዕቃውን ስለሚከታተለው ኮምፒውተር፣ ከሁለት ዓመት በፊትም አንድ ሐሙስ ቀን በገዛ እጄ ስላመጣሁት ጣጣ ነው።

ትርንጎ እባላለሁ። የተወለድኩት ፓዌ ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ክፉ አመል ነበረኝ፤ ስህተቴን አላምንም። ማሰሮ ብሰብር ማሰሮው ድሮውንም ስንጥቅ ነበር እላለሁ። አባቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋ ቢጣመምባት ፀሐይዋን ነው የምትከሰው» ይል ነበር። አመሉ ኮምፒውተር ተምሬ ስመረቅም፣ አሶሳ መጥቼ ሥራ ስይዝም አልለቀቀኝም። እንዲያውም ሥራዬ ሳይመቸው አልቀረም።

ሥራዬ ዕቃ መከታተል ነው። በኛ ቤት ትልልቁ ታንከር፣ የእንጨቱ በርሜል፣ ጠርሙስ ተደርድሮ የሚተኛበት የሽቦ ቅርጫት ሁሉ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ታትሞ ዕቃው ላይ ይለጠፋል፤ ሠራተኞቹ «ታርጋ» ነው የሚሉት። አንድ ቅርጫት ምን እንደያዘ፣ መቼ እንደተሞላ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደተቀመጠ ፕሮግራሙ ላይ ይመዘገባል። ያን ፕሮግራም የምታዝዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰው መጥቶ «አሥራ ዘጠኝ ቁጥር የት ነው?» ሲለኝ ከወንበሬ ሳልነሣ «መስመር አራት፣ ከግድግዳው ሁለተኛው» ስል ደስ ይለኝ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ በወር አንዴ እንኳ አልገባም። ምን አስገባኝ? ሁሉም ነገር ፊቴ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባችሁም። ቤታችን ወይን ብቻ አይደለም የሚሠራው። ማንጎውን የሚያመጡልን ገበሬዎች አብዛኞቹ የአካባቢው ሙስሊሞች ናቸው፤ የሚያሰክር ነገር አይቀምሱም። ለነሱና ለሌላው የማይጠጣ ሰው የማንጎ ጭማቂ ጋዝ ጨምረንበት እናሽጋለን። ጭማቂውም ወይኑም የሚገባው አንድ ዓይነት ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ቆርኪውም አንድ ነው፤ የሚተኙትም አንድ ዓይነት ቅርጫት ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ ስም የሚለጠፈው ሊወጣ ሲል ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ታርጋው ነው። ታርጋው ደግሞ እኔ ነኝ።

በዚያን ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ፈቃዱ ቢሮዬ ገባ። ጋሽ ፈቃዱ የጠመቃው ኃላፊ ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። በእጁ ብርጭቆ ይዞ ነበር።

«ትርንጎ፣ እስቲ ይህን ቅመሺልኝ» አለኝ።

ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው። «ጭማቂ ነው፤ ጥሩ ነው» አልኩት።

«የከፈትኩት ከሠላሳ አንድ ቁጥር ነው።»

ሠላሳ አንድ ቁጥር አምስት ወር የተኛ ወይን ነው። ወደ ስክሪኑ ዞርኩ፣ ቁጥሩን አስገባሁ፣ ወጣልኝ። «ወይን ነው እኮ ጋሽ ፈቃዱ። መስመር ሦስት፣ ሁለተኛው ቦታ። ይኸው፣ ሲስተሙ ላይ ወይን ነው» አልኩ።

«ሲስተሙን አልጠጣሁትም» አለኝ።

አብሬው ወደ መጋዘን ወረድኩ። ከቅርጫቱ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ረድፍ አንዳንድ ጠርሙስ ከፈትን። ሁሉም ጭማቂ ነው። እንግዲህ ጭማቂው እዚህ ከሆነ፣ ወይኑ ጭማቂ ተብሎ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። ይህን ለራሴ ስናገር ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሼ አስታወስኩት።

ያኔ የመጀመሪያው ዝናብ በንፋስ መጥቶ የመጋዘኑን ጣራ አፈሰሰው። ሠራተኛው ሁሉ ተረባርቦ ቅርጫቶቹን ከሚያንጠባጥበው ሥር አነሣ። ከነሱ መካከል የጭማቂው ክፍል የፎርክሊፍት ሹፌር ሀሩን ነበር። ሀሩን ስልክ ደውሎ የትኛው ቅርጫት ወደየት እንደተዛወረ ነገረኝ። ምሳ ላይ ነበርኩ። «እሺ፣ አስገባዋለሁ» አልኩት። አላስገባሁትም። ረሳሁት። በማግሥቱ ዝናቡ ያበሰበሳቸውን ታርጋዎች አዲስ አትሜ ራሴ ወርጄ ለጠፍኩ፤ ግን የለጠፍኩት ስክሪኑ ላይ ባለው ቦታ ነበር። መስመር ሦስት፣ ሁለተኛው ቦታ የቆመው ቅርጫት ላይ «ሠላሳ አንድ» ለጠፍኩ። ምን እንደያዘ አላየሁም። እዚያ ቦታ ላይ ትናንት የቆመው ሌላ መሆኑን ሀሩን ነግሮኝ ነበር።

የተለዋወጠው ከየትኛው ጋር እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ከሃምሳ ስምንት ቁጥር ጋር ነው። ሃምሳ ስምንት ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ የለም። ትናንት ከሰዓት ከሃምሳ ሰባት ጋር ተጭኖ ወጥቷል። የሄደው መንጌ ወረዳ፣ ሼህ ኢድሪስ ቤት፤ የልጃቸው ሠርግ ዛሬ ነው።

ሼህ ኢድሪስ ማን መሰሏችሁ? በመንጌ ዙሪያ ያሉት የማንጎ ገበሬዎች አንድ ነገር ከማድረጋቸው በፊት የሚያማክሯቸው ሰው ናቸው። ለኛ ቤት ማንጎ እንዲመጣ የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። የጠርሙሱ ስም ወረቀት ከአዲስ አበባ ስላልደረሰ «ያለ ስም ይሁን?» ብለን ስንጠይቃቸው «ወረቀቱን አንጠጣው» ብለው የሳቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ለልጃቸው ሠርግ አንድ መቶ ሃያ ጠርሙስ የሚያሰክር መጠጥ ልኬላቸዋለሁ።

ስልካቸው ላይ ደወልን። አይሠራም። ለሌላ የመንጌ ሰው ደወልን፤ ኔትወርክ የለም። የጠመቃ ቤታችን ባለቤት እትዬ ስንዱ ያን ሰሞን አዲስ አበባ ነበረች፤ ጭንቀቱ ለኔና ለጋሽ ፈቃዱ ቀረ። ጋሽ ፈቃዱ ሌላም የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው። «ያ ወይን ገና አልደረሰም። በቀዝቃዛ ቦታ ጸጥ ብሎ መተኛት ነበረበት። በዚያ መንገድ ተንገጫግጮ ፀሐይ ከመታው ጠርሙሱ ራሱ ይፈነዳል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረኝ፤ ጭማቂውን ጭናችሁ ሂዱ፣ ትናንት የመጣው ትንሽ ተበላሽቷል ብላችሁ ቀይሯቸው፣ ወይን የሚለውን ቃል አታንሺ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ስሰማ ደረቴ ቀለል አለኝ። ለኔ አመል የተሰፋ ልብስ ነበር።

ፒክአፑን የሚነዳው ሀሩን ሆነ፤ የመንጌ ልጅ ስለሆነ መንገዱንም ሰዉንም ያውቃል። ከኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጣል። የቤቱ ቋንቋ በርታ ነው፤ አማርኛውን ያቀላጥፈዋል፣ ሴትና ወንድ ላይ ግን አይጨነቅም፤ እኔንም አንዳንዴ «አንቺ» አንዳንዴ «አንተ» ይለኛል። ጭማቂውን በሳጥን ጭነን፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰን ወጣን። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከከተማ ስንወጣ «ጠርሙሱ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ተበላሽቶ» አልኩት።

«ትናንት እኔ ነኝ የጫንኩት። ምንም አልሆነ።»

«ከውስጥ ነው» አልኩ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ውሸት አፍ ውስጥ ሲቀመጥ ጣዕም አለው፤ ያን ቀን እንደ ሳንቲም ነበር የቀመስኩት።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አንድ ወንዝ አለ፤ ድልድይ የለውም፣ በበጋ በውሃው መሐል ነው የሚታለፈው። የሌሊቱ ዝናብ አሸዋውን አላልቶት ኖሮ የፒክአፑ የኋላ ጎማ ሰጠመ። ሀሩን ሞተሩን ባስጮኸ ቁጥር ይበልጥ ይሰጥማል። ሰዓቴን አየሁ። የእንግዳው ምሳ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ እንደሆነ ሀሩን ነግሮኝ ነበር። ዙሁር ሊደርስ ነው።

ከወንዙ በታች በኩል አራት ሴቶች ጎንበስ ብለው በገበቴ አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ይፈልጋሉ። ሀሩን በበርታ ጠራቸው። ገበቴያቸውን አስቀምጠው መጡ፣ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገው ከኋላ ያዙ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሦስት ጊዜ ገፋን፤ በሦስተኛው ተነሥቶ ወጣ፣ ጭቃው ሁላችንም ላይ ተረጨ፣ ሴቶቹ ሳቁብኝ። በዕድሜ ከሁሉም የምታንሰው ሴት ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችልኝ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለችኝ?» አልኩት ሀሩንን።

«ማታ ተጣጥበን ሠርጉ ላይ እንመጣለን ነው የሚሉት። የሚስቅ ማንጎ ተጭኖ ሲያልፍ ትናንት አየነው። ሼህ ኢድሪስ ለኛም አስቀሩልን አሉ። ልጆቻችንንም እናጠጣለን አሉ።»

የሚስቅ ማንጎ። ጋዙን ነው እንደዚያ የጠሩት። ጫማዬን አንሥቼ ወደ መኪናው ሄድኩ።

መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን ከዘጋን በኋላ ለሀሩን ሁሉንም ነገርኩት። ያን ቀን ምሳ ላይ የደወለልኝን፣ ያላስገባሁትን፣ ሳላይ የለጠፍኩትን፣ ጭማቂ ተብሎ የሄደው ወይን መሆኑን። እስክጨርስ ድረስ መኪናውን አላስነሣም። መሪውን ይዞ ውሃውን ያያል።

«ሙሽራይቱ የሚስቴ የእህት ልጅ ናት» አለ በመጨረሻ። «እኔም እዚያ ልጠጣ ነበር።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

«አሁን ምን ልንላቸው ነው የምንሄደው?»

ጋሽ ፈቃዱ የመከረኝን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ትርንጎ፣ እኔ ጭማቂ እጭናለሁ፣ ቅርጫት እጭናለሁ። ውሸት ጭኜ ግን መንጌ አልገባም። እውነቱን እናገራለሁ ካልክ እነዳለሁ። ካላልክ ደግሞ ይኸው ቁልፉ፣ አንተ ንዳ።»

መንዳት አልችልም። ግን መንዳት ብችልም ኖሮ ያን ቁልፍ የምወስድ አይመስለኝም። «እናገራለሁ» አልኩት። አስነሣው።

መንጌ ስንደርስ ከሩቅ የሰማነው የዙምባራ ድምፅ ነበር፤ ያ ረጅሙ የቅል መለከት፣ ብዙ ሰው እየተቀባበለ የሚነፋው። ሀሩን ሰማና «ሙሽራው ገና አልደረሰም፤ እየተለማመዱ ነው» አለ። ወደ ግቢው ስንቃረብ ደግሞ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ቷ የሚል። ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ሳቅ።

ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ። በማንጎ ዛፎቹ ጥላ ሥር ለሁለት የተሰነጠቁ በርሜሎች ውሃ ተሞልተው ተደርድረዋል፤ ጠርሙሶቹ እንዲቀዘቅዙ እዚያ ውስጥ ተነክረዋል። ከአንዱ በርሜል አጠገብ አንዲት ወፍራም ሴት ከራሷ እስከ ወገቧ በአረፋ ረጥባ ቆማለች፤ በእጇ የተከፈተ ጠርሙስ አለ። ሐዋ ትባላለች፣ የሙሽራይቱ አክስት ናት፤ መቀዝቀዙን ልትሞክር ከፍታው ነው። ከንፈሯን ጠረገችና ፊቷን አጨማደደች። ሀሩን ተረጎመልኝ፤ «ይሄኛው ኮምጣጣ ነው» ነው ያለችው።

ሀሩን ወደ ሴቶቹ ሄዶ ማንም ሌላ ጠርሙስ እንዳይነካ ለመናቸው። እኔ በርሜሎቹን አየሁ። ሃምሳ ሰባትና ሃምሳ ስምንት ቁጥር ቅርጫቶች ባዶአቸውን አጥሩ ሥር ተጥለዋል። በውስጣቸው የነበረው ሁለት መቶ አርባ ጠርሙስ በስድስት በርሜል ውስጥ ተደባልቋል። ታርጋዎቼ አሉ፣ ግን ባዶ ቅርጫት ላይ ነው የተለጠፉት። ከዚህ በኋላ የትኛውም ኮምፒውተር ሊነግረኝ የሚችለው ነገር አልነበረም።

ሼህ ኢድሪስ ከመስጊድ ሲመለሱ ግቢው በር ላይ ጠበቅኋቸው። ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው፣ ነጭ ልብስ ለብሰዋል፣ ከኋላቸው ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ተከትለዋል። ሲያዩኝ ፈገግ ብለው፣ እሳቸውም እንደ ሀሩን «አንተ» እያሉኝ፣ «የፋብሪካው ልጅ፣ ለሠርጋችን መጣህ፤ እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝ።

ለብቻቸው ላናግራቸው ፈልጌ ነበር። ግን ቃሉ እዚያው በሩ ላይ ወጣ።

«ሼህ፣ አጥፍቻለሁ። ከላክንልዎት ጠርሙስ ግማሹ ወይን ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ሳላይ ለጠፍኩ። ማንም ሌላ ሰው አላጠፋም።»

ከኋላቸው ካሉት ወንዶች አንዱ በበርታ ሌላው በአማርኛ ማጉረምረም ጀመረ፤ «ሀራም» የሚለውን ለይቼ ሰማሁ። ሼህ ኢድሪስ እጃቸውን አነሡና ጸጥ አሰኟቸው።

«የጠጣ አለ?» አሉ።

«ሐዋ ከንፈሯን ነክቷታል። ሌላ የለም።»

«ሳያውቅ የነካውን አላህ አይጠይቅም። እሷን ታጠቢ በላት።» ከዚያ ቀጠሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ባትነግረኝ፣ ዝም ብለህ ብትቀይረው፣ ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ» አልኩ። «ሀሩንም።»

«ሌላ?»

«ሌላ ማንም።»

ጢማቸውን ዳሰሱ። «ማንጎ ወደናንተ ስንልክ ‹እዚያ ቤት እኮ ወይን አለ› ያሉኝ ነበሩ። ‹ወይኑን ካልደበቁን እኛ ከማንጎው ጋር ነን› አልኳቸው። አሁን አልደበቅህም። በል ልይ፤ ሙሽራው ሳይደርስ መለየት ትችላለህ?»

ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ጭንቅ የመጣው። እንዴት ነው የምለየው? ልከፍታቸው አልችልም። ጠርሙሱ ጥቁር ነው። ቆርኪው አንድ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚህን ጠርሙሶች በቁጥር ሳውቃቸው አንዱን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም ነበር። ተስፋ ቆርጬ ቀና ስል ሀሩን አንድ ጠርሙስ ከውሃው አውጥቶ ገልብጦ ቂጡን ያያል።

«ጋሽ ፈቃዱ የወይኑን ጠርሙስ ዝቃጩ እንዲወርድ በየጊዜው ያዞረዋል አይደል?» አለኝ። «ምን ያህል እንዳዞረው እንዳይረሳ ቂጡ ላይ ነጭ ቀለም ያደርጋል። ጣራው ያፈሰሰ ቀን ሳነሣ አይቻለሁ። ጭማቂው ላይ የለም።»

ጠርሙሱን አሳየኝ። ቂጡ ጎድጓዳ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ አለች። እንደ ጥርስ ነጭ። ሌላ አወጣሁ፤ የለውም። ሌላ አወጣሁ፤ አለው። አለቀስኩ መሰለኝ፤ ወይም ውሃ ተረጭቶብኝ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ነበር አልልም፤ ጨዋታ ነበር። ሴቶቹ በሙሉ በርሜሎቹን ከበቡ። ሐዋ ታጥባ ልብሷን ቀይራ መጥታ በፊታውራሪነት ቆመች። ጠርሙስ እየወጣ ይገለበጣል፤ ነጭ ካለው ወደ ግራ፣ ከሌለው ወደ ቀኝ። አንዷ ገልብጣ ስታይ ሌላዋ «የማንን ቂጥ ነው የምታዪው?» ብላ ቀለደች አሉኝ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። የወንዶቹ ፊትም ቀስ በቀስ ተፈታ። እኔ ወደ ግራ የሚሄደውን እርጥብ ጆንያ ላይ እያስተኛሁ እቆጥራለሁ።

አንድ መቶ አሥራ ሰባት። የሐዋ የተከፈተው ሲጨመር አንድ መቶ አሥራ ስምንት። ሁለት ጎደለ።

የበርሜሎቹን ውሃ አፍስሰን ደግመን አየን። የለም። አንዲት ሴት ድንገት ትዝ ብሏት ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ሙሽራይቱን ይዛ ነው፤ ዘይነብ ትባላለች፣ እጇ ሂና ተቀብቷል፣ በፊቷ ላይ ሻሽ ጥላለች። ከሻሹ ሥር ጠርሙስ አወጣች። ጠዋት ደብቃ አልጋዋ ሥር አስቀምጣው ነበር፤ ለሷና ለባሏ ብቻ። ዕፍረቷን ዋጥ አድርጋ ሰጠችኝና በጥሩ አማርኛ «ያንኛውን ዓይነት ግን ትተኪልኛለሽ» አለችኝ። ገለበጥነው። ነጭ አለው። ሼህ ኢድሪስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረው ሳቁ።

አንድ ቀረ። አንድ ጠርሙስ የትም ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ሽማግሌ ካባ ሥር፣ የአንድ ልጅ እጅ ላይ። ከመንገዱ ማዶ መኪናና ሞተር ሲያንባርቅ ተሰማ፤ የሙሽራው ወገን እየደረሰ ነው። ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤ ወደ ባዶዎቹ ቅርጫቶች ሄድኩ። ሃምሳ ስምንት ቁጥርን አጋደልኩት። ከሥሩ ሽቦው ላይ የጠርሙስ አንገት ቆርኪው እንደተገጠመ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ስብርባሪው ሣሩ ላይ ተበትኗል። ጠርሙሱ ፈንድቷል። ጋሽ ፈቃዱ የፈራው በአንዱ ላይ ደርሷል። አንገቱን ወደ ላይ አንሥቼ «አንድ መቶ ሃያ» አልኩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ለኔ ይሁን ለሙሽራው እስካሁን አላወቅሁም፤ በዚያው ቅጽበት ነው ሙሽራው በበሩ የገባው።

ይዘን የመጣነው ጭማቂ በርሜሉ ውስጥ ገባ። ወይኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ የቆመው ፒክአፕ ላይ ጫንነው። ወዲያው ልንመለስ ስንል ሼህ ኢድሪስ አልፈቀዱም። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ገንፎ በባሚያ ወጥ በላሁ፣ ዙምባራው ሲነፋ ሐዋ ጎትታ አስነሥታኝ ጨፈርኩ፤ እንዴት እንደሚጨፈር አላውቅም፣ ማንም ግድ አልሰጠው። ከመሄዴ በፊት ሼህ ኢድሪስ አንድ ቃል አስገቡኝ፤ ጭማቂውና ወይኑ ከዛሬ ወዲያ በአንድ ጣራ ሥር አያድሩም። ቃል የመግባት ሥልጣን አልነበረኝም። ገባሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አሶሳ ገባን። በዚያው ምሽት ለእትዬ ስንዱ ደውዬ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። እስክጨርስ አዳመጠችኝና «ለሼሁ የነገራቸው ማነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «እኔ» ስላት «እንግዲያው ነገ ጠዋት ሥራ ግቢ» አለችኝ። ጋሽ ፈቃዱ ደግሞ በማግሥቱ ሳየው ዓይኑን ሰበር አድርጎ «እኔ የመከርኩሽ ምክር ደካማ ነበር» አለኝ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲል መስማት ከባድ ነው። ጭማቂና ወይን የሚለያይበትን አዲስ መጋዘን ቦታ ልናይ አብረን ወጣን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የተለወጠው መጋዘኑ ብቻ አይደለም። ስህተትን ማመን ሰው የሚሞትበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ሃያ ወንዶች ፊት ቆሜ «አጥፍቻለሁ» ብዬ አልሞትኩም፤ ይልቅ ከዚያ በፊት ማንም ያላደረገልኝን ነገር አደረጉልኝ፣ ጎንበስ ብለው አብረውኝ ጠርሙስ አገላበጡ። ብደብቀው ኖሮ ብቻዬን ነበር የምገለብጠው። ምናልባት አሁን ይህን የምታነቡ፣ እናንተም ሳታዩ የለጠፋችሁት ነገር ይኖር ይሆናል፤ በወረቀት ላይ፣ በሰው ላይ፣ በራሳችሁ ላይ። ገና መንገድ ላይ ሳለ ተከተሉት። ከደረሰ በኋላ ይደባለቃል።

ለኮምፒውተሩም አንድ ነገር አደረግሁለት። ፕሮግራሙን ለሠራልን ሰው ጽፌ አንድ ሳጥን አስጨመርኩ። አሁን ማንኛውም ቅርጫት፣ በርሜል ወይም ታንከር ሲንቀሳቀስ ሲስተሙ «በዓይኑ ያየው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስም ካልገባ አይቀበልም። የመጀመሪያው ስም የሀሩን እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ጠርቼው ስክሪኑን ሳሳየው ጎንበስ ብሎ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ለጭማቂው አስገባኝ» አለ። «ወይኑ ላይ ግን ስሜን እንዳታደርገው። እሱን አንተ ሄደህ እይ።»

ሄጄ አየሁ። በየቀኑ እሄዳለሁ።